የቀዩዋ ሰንጢ ሒሳብ

የምሠራበት ባንክ በር ላይ፣ ከፈታሾቹ ጠረጴዛ ሥር፣ አንዲት የካርቶን ሣጥን አለች። ይዞ መግባት የማይፈቀደው ነገር ሁሉ እዚያች ውስጥ አርፎ፣ ባለቤቱ ጉዳዩን ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ ይጠብቃል፤ ካቻቪቴ፣ መቀስ፣ የሽንኩርት ቢላዋ፣ አንድ ቀን ደግሞ ገና ከሱቅ የወጣ የእንጨት መጋዝ። ሣጥኗን ለሁለት ዓመት ያህል በጎኗ ሳልፍ ኖሬ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት እኔም አስቀማጭ ሆንሁባት።

ዘወትር «እንዴት አደሩ» ተባብለን የምንተላለፈው ጥበቃ የኮቴን ኪስ ዳሰሰና ቀይዋን ዕቃ አወጣ።

«ምንድን ናት ወንድሜ?»

«የስዊስ ቢላ ናት። መቀስም፣ ቆርቆሮ መክፈቻም፣ ብሎን መፍቻም አላት።»

«ስለት አላት ወይ?»

«አላት።»

«እንግዲያማ ሰንጢ ናት» አለና ወደ ሣጥኗ ላካት።

አልተከራከርሁም። እርሱ በአንድ ቃል ልክ ነበር፤ እኔም በዐሥራ አምስት ቃል ልክ ነበርሁ። ዐሥራ አምስት የምለው በዘፈቀደ አይደለም። ሠሪዎቿ የሚቆጥሩላት አገልግሎት ያን ያህል ነው፤ የቁልፍ ማንጠልጠያ ቀለበቷን ሳይቀር ቆጥረው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ አብሮኝ ይኖራል። በአንዲት እጀታ ውስጥ ይህን ሁሉ አጥፋ የያዘች መሣሪያ ለእኔ ቢጤው ከተሜ በርግጥ ትጠቅመዋለችን? ወይስ ያደግን መስሎን መጫወቻችንን ስም ለውጠንላታል?

ሰንጢዋን ያመጣችልኝ በጄኔቫ የምትኖረው አክስቴ ናት። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ስትመጣ ለእናቴ ሻርፕ፣ ለሕፃናቱ ቸኮላት፣ ለእኔ ደግሞ ነጭ መስቀል ያለባትን ቀይ ሰንጢ ከሻንጣዋ አወጣች። እናቴ ስለት ያለበትን ነገር ከእጅ ወደ እጅ አትቀባበልም፤ ያጣላል ትላለች። ስለዚህ አክስቴ ሰንጢዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ እኔም ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ። አክስቴ ስቃ፣ በፈረንጆቹም ዘንድ ስለት በስጦታ የተቀበለ ሰው ፍቅሩ እንዳይቆረጥ ሳንቲም እንደሚከፍል ነገረችን። አንድ ብር ከፈልኋት። በሕይወቴ የፈጸምሁት እጅግ ርካሹ ግዢ ይኸው ነው።

በምሳ ሰዓት ንባቤ ስለ ዕቃዋ ታሪክ ያገኘሁት ነገር አስተያየቴን ለውጦታል። ካርል ኤልሰነር የተባለ ስለት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1884 በስዊዘርላንድ፣ በሽቪትስ ካንቶን፣ ኢባክ በምትባል መንደር ሥራ ቤት ከፈተ። በ1891 ለአገሩ ጦር የወታደር ቢላ ማቅረብ ጀመረ። በዚያች ቢላ ላይ የነበሩት አራት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ስለት፣ መብሻ፣ ቆርቆሮ መክፈቻና ብሎን መፍቻ። አራቱም ምክንያት ነበራቸው። ወታደሩ በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ ይበላል፤ በ1889 የወጣውን አዲሱን ጠመንጃውን ፈትቶ ለማጽዳት ደግሞ ብሎን መፍቻ ያሻዋል። ለጌጥ የገባ አልነበረም።

በ1897 ኤልሰነር ሌላ አስመዘገበ፤ የመኮንኖችን ቢላ። በዚህችኛዋ ላይ ሁለተኛ ትንሽ ስለትና የቡሽ መንቀያ ተጨመረ። ጦሩ ለሠራዊቱ አላደላትም፤ የፈለገ መኮንን ከገንዘቡ ይገዛት ነበር። የወታደሩ ቢላ ያኔም የቡሽ መንቀያ አልነበራትም፤ በ2008 በታደሰችው ላይም መጋዝና ባለ መስቀል ብሎን መፍቻ ሲጨመር ቡሽ መንቀያው አልገባም። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ። አንደኛዋ ከችግር የተወለደች ናት፤ ሁለተኛዋ ከእራት ጠረጴዛ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ወታደሮች ገዝተው ወደ አገራቸው የወሰዷት፣ የጀርመንኛ ስሟ አልጠራ ቢላቸው «የስዊስ ጦር ቢላ» ያሏት፣ በመጨረሻም በአክስቴ ሻንጣ የእኔ ኪስ የገባችው ይህችው የእራቷ ናት።

የሥራ አመል ሆኖብኝ ለስድስት ወር ያህል ሒሳብ ያዝሁባት። በደብተር ግራ ገጽ መሣሪያው፣ በቀኝ ገጽ ቀኑና ምክንያቱ። ውጤቱ ስለት ለሚያፈቅር ሰው የሚያሳፍር ነው፤ ማንም ሳይደርስባት አንደኛ የወጣችው መቀሷ ናት። የተመዘዘ ክር፣ የተሰነጠቀ ጥፍር፣ የመድኃኒት እሽግ፣ የእኅቴ ልጅ የደብተር ሽፋን። ሁለተኛዋ ትንሿ ስለት ናት፤ ሲባጎ ስትበጥስ፣ ፖስታ ስትከፍት፣ ማንጎ ስትልጥ ከረመች። የጠርሙስ መክፈቻዋ ጾም ሲገባ ታርፍና በፋሲካ ማግሥት ትበረታለች። መጋዟን ሁለት ጊዜ ብቻ መዘዝኋት፤ ሁለቱም ለቡሄ፣ ልጆቹ ሆያ ሆዬ የሚሉበትን ዱላ ልቆርጥ። ቡሽ መንቀያዋ አንድ ጠርሙስ ከፈተች፤ ከዚያ ይልቅ ጠብቆ እንቢ ያለ የጫማና የጆንያ ቋጠሮ በመፍታት አገልግላኛለች። ከሁሉ ያስገረመኝ ምን እንደሆነች ሳላውቃት የኖርኋት ቆልማማ ብረት ናት። ለካ ዕቃ ማንጠልጠያ ኖራ አምስት ፌስታል አትክልት ከታክሲ እስከ ቤት ያለ ጣት ቁስል አደረሰችልኝ።

ወረንጦዋ ግን ወደቀች። እግሬን እሾህ ወግቶኝ ስታገል አያቴ አየችኝና፣ ከቁልፎቿ ጋር በክር አስራ የምትይዘውን የብረት ወረንጦ አውጥታ፣ እኔ ሩብ ሰዓት የደከምሁበትን በአንድ ትንፋሽ ነቀለችው። የስዊሷ ወረንጦ ስስ ቆርቆሮ ናት፤ ቅንድብ ለመንቀል ትበቃ ይሆናል እንጂ የአበሻ እሾህ አትችልም። አያቴ ሰንጢዬን አገላብጣ አይታ፣ «ሁሉ አላት፤ ጉልበት የላትም» አለች። ብይኗ በወረንጦዋ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይግባኝ አልልም ነበር።

የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋሼ ደግሞ ከዚህ የከፋ ፈረደባት። አንድ ቀን ማከፋፈያ ሲጠግን ላቀብለው ዘረጋሁለት።

«አንተ ልጅ፣ ፒንሳዋ የታለ?»

«የላትም ጋሼ።»

«ፒንሳ የሌለው መሣሪያ ምን መሣሪያ ነው? ደግሞ ይኸውልህ፣ ስትገልጣት ሁሉም ብረት ነው። በዚህች ሽቦ ብትነካ እኔን ሳይሆን አንተን ነው የሚጠግኑት።»

እውነቱን ነው፤ ኤሌክትሪክ ላለበት ሽቦ ፈጽማ አትሆንም። ብሎን መፍቻዋም ከእጀታዋ ጎን ስለምትወጣ ጠልቆ የገባ ብሎን ጋ አትደርስም። በፒንሳው ነገርስ ቢሆን ጋሼ ብቻውን አይደለም። ቲም ሌዘርማን የተባለው አሜሪካዊ በ1975 ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር በኪሱ የነበረችው የስካውት ቢላ ብቻ ነበረች። መኪናዋ በተበላሸች ቁጥርና የሆቴሉ ቧንቧ ባፈሰሰ ቁጥር የሚናፍቀው ፒንሳ ነበር። አገሩ ተመልሶ ስምንት ዓመት ከለፋ በኋላ በ1983 ታጥፋ ኪስ የምትገባ ፒንሳ ይዞ ወጣ፤ ስለቱንና መፍቻውን በእጀታዋ ውስጥ ቀበራቸው። ስሙን ያስጠራው ኩባንያ ዛሬም በፖርትላንድ፣ ኦሪገን አለ። ይህን ለጋሼ ብነግረው፣ «እርሱ ገብቶታል» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

እንግዲህ እስካሁን በሰንጢዋ ላይ የመሰከርሁባት ይበዛል። አሁን ስለ ጣርማበር ልናገር።

ኅዳር 2012 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በአባዱላ ተሳፍሬ እመለስ ነበር። ደብረ ሲናን አልፈን ያንን ዳገት ልናጋምስ ስንል መኪናዋ መትፋት ጀመረች። ሾፌሩ ዳር አስይዞ የፊቱን ወንበር ገለበጠ፤ እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። ሞተሩ እስኪበርድ ቆየንና ሲታይ ከራዲያተሩ የሚወጣው ማኒኮቶ ጫፉ ላይ፣ ፋሼታው በታሰረበት በኩል፣ ሁለት ጣት ያህል ተተርትሯል። ረዳቱ የመፍቻ ከረጢቱን ፈለገ፤ ጋራዥ ተረስቷል። ያን ጊዜ ከእነርሱ ሁለቱ መካከል የተባለውን እዚህ አልጽፈውም። ጉሙ ከገደሉ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ሰዓቱ ወደ ዐሥራ አንድ ተኩል ገደማ፤ ከመካከላችን አራስ የያዘች እናት አለች። ሾፌሩ የፋሼታውን ብሎን በአንድ ብር ሳንቲም ሊፈታ ሞክሮ ሳንቲሙ ተንሸራቶ ገደል ገባ።

ኪሴ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ለምን ቀደም ብዬ እንዳላስታወስሁ ብጠየቅ፣ የማፈር ነገር ነበረብኝ፤ ሰንጢ ይዞ የሚጓዝ ሰው መባልን ፈርቼ ይመስለኛል። የጠርሙስ መክፈቻዋ አፍንጫ ጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ ነው። ለፋሼታው ልክ ሆነች። ማኒኮቶውን አውጥተን የተተረተረውን ጫፍ በትልቋ ስለት ቆርጠን ልንጥል ሆነ፤ ጎማው የጠነከረ ስለ ነበር ሾፌሩ ይዞልኝ እኔ ገፋሁ። በዚህ መካከል ስለቷ ታጠፈችና አመልካች ጣቴን ከፈተችው። ይህች ዓይነት ሰንጢ ስለቷ ሲዘረጋ የሚቆልፍ ነገር የላትም፤ የሚይዛት የጀርባ ምላሷ ብቻ ነው፤ ያለ አግባብ ከገፏት ወደ ባለቤቷ ትመለሳለች። ጠባሳው ዛሬም ብር ስቆጥር ይታየኛል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት የነጠላቸውን ጥለት ሊቀዱልኝ ሲታገሉ በመቀሷ ቆርጠው ጣቴን አሰሩልኝ። ማኒኮቶው አጥሮም ቢሆን ደረሰ፤ ፋሼታው ጠበቀ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሃይላንዱን አዋጥቶ ራዲያተሩ ተሞላ። ዋሻውን አልፈን ደብረ ብርሃን የገባነው ከመሸ ነው።

ከራት በኋላ ሾፌሩ ወደ እኔ መጥቶ፣ «ወንድሜ፣ ሽጥልኝ» አለኝ። የጠራውም ዋጋ ለእርሱ ኪስ ቀላል አልነበረም። ስጦታ ናት አልሁት። «እኔ በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው ይህን ዳገት የምወጣው» አለኝ። እኔ ደግሞ በሳምንት ስድስት ቀን የባንክ በር ነው የምገባው፤ ይህን ግን አልነገርሁትም። ስልኩን ብቻ ተቀብዬ «ጣርማበር» ብዬ መዘገብሁት።

የዚህች ዕቃ ጥቅም ሲመዘን ሰው ሁልጊዜ መሣሪያዎቿን ይቆጥራል። እኔ ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው እላለሁ። በጣርማበር የሠሩት ሦስት ናቸው፤ መፍቻዋ፣ ስለቷና መቀሷ። ከሦስቱ አንዱም ከሙሉ የእጅ መሣሪያ አይወዳደርም፤ የጋሼ ካቻቪቴ ከመፍቻዋ ዐሥር እጅ ይሻላል። ነገር ግን የጋሼ ካቻቪቴ ያኔ አዲስ አበባ ነበር። የእርሷ ብልጫ ቅርብ መሆኗ ብቻ ነው፤ ቅርብ መሆን ደግሞ ብዙ ነው። ካናዳዊው ጠፈርተኛ ክሪስ ሃድፊልድ በኖቬምበር 1995 ወደ ሚር የጠፈር ጣቢያ ሲገባ የታሸገውን በር የከፈተው በስዊስ ቢላ ነበር። ምርጥ ስለሆነች አይደለም፤ እዚያ ስለነበረች እንጂ።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ትልልቆቹ ይወድቃሉ። ቬንገር የተባለው ሌላው የስዊስ ኩባንያ 87 መሣሪያ በአንድ እጀታ ደርድሮ በጊነስ መዝገብ ተጽፎለታል፤ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ያልፋል። ምን ዓይነት ሱሪ ይችላታል? እንግሊዞችማ ቀድመዋቸዋል። በሸፊልድ ከተማ የጆሴፍ ሮጀርስ ቤት በ1822 ዓመቱን ቆጥሮ 1822 ስለት ያላት ቢላ ሠራ። ይህ የእጅ ጥበብ ትርዒት ነው፤ አደንቃለሁ፤ መሣሪያ ብዬ ግን አልጠራውም። ኪስ ውስጥ ካልኖረች ቅርብ አይደለችም፤ ቅርብ ካልሆነች የጋሼ ከረጢት ይሻለኛል።

ስለ ሸፊልድ ካነሣሁ አንድ የሚቆረቁረኝን ልጨምር። ኸርማን ሜልቪል በ1851 ባሳተመው «ሞቢ ዲክ» ውስጥ የመርከቡ አናጢ አለ። ጀልባ ይጠግናል፣ ጥርስ ይነቅላል፣ ጆሮ ይበሳል። ደራሲው ይህን ሰው ከሸፊልዷ ባለ ብዙ መሣሪያ ቢላ ጋር ያመሳስለዋል፤ ምስጋና ብቻ ግን አይደለም። አለቆቹ የፈለጉትን ክፍሉን መዝዘው ይጠቀሙበታል፤ የራሱ የሆነው የትኛው ክፍል እንደሆነ ግን ግልጽ አይደለም። ይህን ምዕራፍ ያነበብሁት ለአንድ ጡረታ ወጪ ባልደረባችን የመሰናበቻ ግጥም በታዘዝሁ ሳምንት ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ማተሚያው ሲነክስ የምጠራው እኔ ነኝ፤ ደብዳቤ ሲጣመም እኔ ነኝ፤ ሠርግ ሲሆን፣ ልደት ሲሆን ግጥሙ ከእኔ ነው። ቡሽ ሲኖር እመዘዛለሁ፤ ጠርሙሱ ሲከፈት እታጠፋለሁ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ አባቶች። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚሉትም እነርሱው ናቸው። ሁለቱን አስማምቶ የሚያስረዳኝ ሽማግሌ እስካገኝ ድረስ ቀን ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ስንኝ።

ወደ በሩ ልመለስ። ቅርብነት ጥቅሟ ከሆነ፣ ከተማችን የምትነጥቃት ይህንኑ ነው። ባንክ፣ ሆቴል፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ አዳራሽ፣ በየደረስንበት እንፈተሻለን፤ ምክንያቱንም ሁላችን እናውቃለን፤ ፈታሹን አልወቅስም። በሌላም አገር ቢሆን ሰዎች ድንበር ለማበጀት ተቸግረዋል። በብሪታንያ ስለቷ የማይቆለፍና ከሦስት ኢንች ያልበለጠ ታጣፊ ቢላ ያለ ምክንያት መያዝ ይፈቀዳል፤ የምትቆለፈዋ አትፈቀድም። ጣቴን ለከፈተችው ሕግ ከለላ ሰጣት፤ ጣት የምታድነውን ከለከላት ማለት ነው። ከመስከረም 2001 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጥቃት በኋላ ቢላ በአውሮፕላን ሲከለከል የስዊሶቹ ሽያጭ ክፉኛ ወረደ። በ2024 ደግሞ የቪክቶሪኖክስ ኃላፊ፣ የመሥራቹ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ስለት የሌላት የኪስ መሣሪያ እያዘጋጁ መሆናቸውን ተናገረ።

ብዙዎች ተሳለቁ፤ ስለት የሌላት ቢላ፣ ጤፍ የሌለው እንጀራ አሉ። እኔ ደብተሬን አየሁ። አንደኛ መቀስ ነበረች። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለምኖረው ለእኔ ስለት አልባዋ ትበቃኛለች፤ በሩን ካሳለፈችኝ እገዛታለሁ። ቢላ ብዬ ግን አልጠራትም፤ ስም ይፈለግላት። ዳገት ለሚወጣው ግን ስለቷን የቀነሰ ሰው ማኒኮቶ ቆርጦ አያውቅም።

አክስቴ በዚህ ክረምት ልትመጣ ነው። ምን ላምጣልህ ስትለኝ የወታደሩን ቢላ አልኋት፤ መኮንኑን አይደለም። ቡሽ መንቀያ የሌላትን፣ ስለቷ ሲዘረጋ የምትቆልፈውን። ከዚያ «ጣርማበር» ብዬ የመዘገብሁትን ቁጥር ደወልሁ። ሰውየው አላስታወሰኝም፤ ስለ ጣቴ ስነግረው ግን ሳቀ። አሁንም መንገዱ ሰላም ሲሆን ያችን ዳገት ይወጣል። ላምበረት መናኸሪያ ልንገናኝ ተቀጣጥረናል።

ቀይዋ ሰንጢ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ናት። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ስትከፍት ከእርሷ በቀር ሌላ አልቀበልም ብላ እናቴ ወርሳታለች፤ ስፈልጋት አስፈቅጄ ነው የምወስዳት። የሾፌሩን ነገር ስነግራት ደስ አላት። ብቻ ላምበረት ስደርስ ከእጅ ወደ እጅ እንዳልሰጠው፣ የመኪናው ወንበር ላይ እንዳኖርለት ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ።